«አታውቅም» ሲሉ እሰማ ነበር

አያቴ የሰላሌ ሰው ነበረች። አማርኛዋ አፍ ያስከፍታል። ምስጢር ሲኖር ግን ወደ ኦሮምኛ ትዞራለች። አክስቴ ከሥራ ስትመጣ ቡና ይፈላል። አቦሉ በአማርኛ ይጠጣል፤ የሰፈር ወሬ፣ የኑሮ ውድነት፣ የዕድር ክፍያ። ቶናው ላይ ድምፃቸው ዝቅ ይልና ቋንቋው ይቀየራል። እኔ ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ፈንዲሻ እለቅማለሁ። የሚሉት አይገባኝም። ሦስት ቃላት ግን ይደጋገማሉ። ቆሪቻ። ዱኩባ። ሂን ቤክቱ።

ሦስተኛ ክፍል አጠገቤ የምትቀመጥ ኦሮምኛ የምትችል ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ሦስቱን ቃላት ይዤ ሄድኩ። «ቆሪቻ መድኃኒት ነው» አለችኝ። «ዱኩባ በሽታ ነው። ሂን ቤክቱ ደግሞ አታውቅም ማለት ነው።» ትንሽ አሰብ አደረገችና «ማናት የማታውቀው?» አለችኝ።

ያን ቀን ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የማታውቀዋ እኔ እንደሆንኩ ያን ቀን አወቅኩ። ምኑን እንደማላውቅ ለማወቅ ግን አራት ዓመት ፈጀብኝ።

አሁን ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ ይዤ ነው የተወለድኩት። ስሜን አልጽፍም። ይሄ ጥንቃቄ ይሁን ከዚያ ቤት የቀረብኝ ልማድ፣ እስካሁን አልለየሁትም። የምጽፈው «ስታድግ እነግራታለሁ» ብላችሁ ቀን ለምትገፉ አያቶች፣ አክስቶች፣ አባቶች ነው። ነገሩ ኤች አይ ቪ ላይሆን ይችላል። እናት የተባለችው አክስት ሆና፣ ውጭ አገር ነው የተባለው አባት እስር ቤት ሆኖ ሊሆን ይችላል። ልጁ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ግን ያው ነው።

እናቴ የሞተችው በጥቅምት 1996 ነው። አራት ዓመቴ ነበር። ለእኔ የተነገረኝ «ጸበል ሄዳለች» ተብሎ ነው። ግማሹ እውነት ነበር። በዚያ ዘመን «ያ በሽታ» የያዛቸው ብዙ ሰዎች እንጦጦ ማርያም ይወጡ ነበር፤ እዚያው ቤት ተከራይተው ጠዋት ጠዋት እየተጠመቁ ወራት ይቀመጣሉ። እናቴም ወጥታ ነበር። ተሸክመው ያወረዷትን ቀን እኔ አላየሁም፤ ጎረቤት ወስደው አስተኝተውኛል። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነበር። ከበራችን ቀና ካሉ እንጦጦ ፊት ለፊት ነው። ማታ ማታ ባሕር ዛፉ መሃል መብራት ሳይ «ያቺ ናት» እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለአንድ አምፖል ደህና እደሪ እያልኩ ተኛሁ።

ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ሱዚ ስንዘል ከጎረቤት ልጅ ተጣላሁ። «እናትሽ እኮ ሞታለች፣ ሰው ሁሉ ያውቃል» አለችኝ። እየሮጥኩ ገባሁ። አያቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠችና «ማናት ያለችሽ?» አለች። እውነት ነው አላለችም፤ ውሸት ነውም አላለችም። ማን አለሽ ብቻ። ልጅቷ ቤት ሄዳ ከእናቷ ጋር ተሰዳድባ ተመለሰች። ወደ እኔ ስትመለስ አቀፈችኝና ዳቦ በሻይ ሰጠችኝ። እንባዋ ሻዩ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። አለቀ። የእናቴ መርዶ እሱ ነበር።

ስለ መርዶ ትንሽ ልበል፤ ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር ነው። እኛ ሞት መደበቅ እናውቅበታለን። ውጭ አገር ያለ ሰው እናቱ ብትሞት በስልክ አንነግረውም። ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር እንደብቀዋለን። ግን አንድ ቀን ይቆረጣል። ንስሐ አባቱ፣ ሽማግሌዎች፣ የቅርብ ጓደኞቹ ተሰብስበው ጎህ ሳይቀድ በሩን ያንኳኳሉ። ይነገረዋል፣ ይጮሃል፣ ይያዛል፣ ድንኳን ይተከላል። ለአዋቂ ሰው ምስጢሩ ማብቂያ ቀን አለው። ለልጅ ግን በሩን የሚያንኳኳ ሽማግሌ የለም። «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ይባላል። ልጅ የሚረሳው እኮ የነገሩትን ነው። ያልነገሩትንማ ሲያመነዥከው ይኖራል።

መድኃኒት የጀመርኩት በ1999 ነው፣ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከሆስፒታል ስንመለስ አያቴ ሁሌ አንድ ሥራ ነበራት። ውኃ ታሞቃለች። የኪኒን ጠርሙሶቹን ትነክራለች። ወረቀቱ ሲለሰልስ በአውራ ጣቷ ጥፍር ትልጠዋለች፤ ሙጫው የያዘውን ቦታ በአመድ ትፈትገዋለች። የተላጠውን ከሰል ላይ ትጥለዋለች። ራቁታቸውን የቀሩት ነጫጭ ጠርሙሶች ኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባሉ፤ ቆርቆሮው ጓዳ፣ ከበርበሬው ኋላ።

«ምንድን ነው?» ስላት «ለሳንባሽ ነው። ሳንባሽን ብርድ ገብቶታል» አለችኝ።

አመንኳት። ከልቤ አመንኳት! በሚያዝያ ሙቀት ሹራብ አላወልቅም። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። አይስክሬም እያማረኝ አልቀምስም። የሌለብኝን በሽታ ስታመም አደግኩ።

ማታ የምውጠው የሁለት ሰዓት ዜና ሙዚቃ ሲጀምር ነው። እንግዳ ካለ አያቴ «እስኪ ጨው አምጪልኝ» ትለኛለች። እሱ ምልክታችን ነው። ጓዳ እገባለሁ፣ ቆርቆሮውን ድምፅ ሳላሰማ እከፍታለሁ፣ እውጣለሁ፣ ጨው ይዤ እወጣለሁ። ቤታችን ውስጥ ማንም ያልፈለገው ጨው ስንት ጊዜ እንደቀረበ! «ለማንም እንዳትናገሪ» ብለውኝ እንኳ አያውቁም። ማለት አላስፈለጋቸውም። ጨው ማምጣት ራሱ አስተማረኝ፤ እኔ ላይ የሚያሳፍር ነገር እንዳለ።

የሚያሳፍረው ምን እንደሆነ ስላልነገሩኝ ራሴ ፈጠርኩ። እናቴን እኔ እንዳሳመምኳት ወሰንኩ። ሌሊት እየሳልኩ እንቅልፍ እንደነሳኋት፣ ሳንባዋን እንደጨረስኩባት። ጓደኛ አቅፋኝ ስትስቅ ትንፋሼን እይዛለሁ። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ልጅ ባዶ ቦታ አይተውም። ራሱ ይሞላዋል፤ ሲሞላውም በራሱ ጥፋት ነው። ከእኔ በኋላ ካነጋገርኳቸው ልጆች ይሄን ያላደረገ አላገኘሁም።

አሁን የሚያስቀኝ ክፍል ይመጣል። ስድስተኛ ክፍል የጸረ ኤድስ ክበብ አባል ሆንኩ። ያኔ በየትምህርት ቤቱ ነበር። ግጥም እጽፋለሁ፣ ሰልፍ ላይ ማይክ ይዤ አነባለሁ። በግጥሜ ኤድስን ጅብ አደረግኩት፤ የያዛቸውን ሰዎች ደግሞ ጅብ የጨረሰው አጥንት። ተጨበጨበልኝ፣ ደብተር ተሸለምኩ። ቤት ገብቼ ለአክስቴ አነበብኩላት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተነስታ ወጣች። «የተጣደ አለኝ» ብላ። ምንም የተጣደ አልነበረም።

ሰባተኛ ክፍል፣ 2005 ላይ፣ ክበባችንን ሊያሠለጥን አንድ ሰው ከውጭ መጣ። ስለ መድኃኒቱ ሲያስረዳ ከቦርሳው ነጭ ጠርሙስ አወጣ። ባዶ ነው። «እዩት፣ አትፍሩት» ብሎ አዞረው። ልጆቹ ሊከፍቱት ታገሉ። አንዱ በጥርሱ ሞከረ። ክዳኑ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ አይከፈትም። እኔ ጋ ደረሰ። በመዳፌ ተጫንኩት፣ አዞርኩት፣ ተከፈተ።

«ጎበዝ! እንዴት አወቅሽ?» አለ ሰውዬው።

እጄን አየሁት። እጄ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ቤት ስገባ አያቴ እንደወትሮዋ «ዛሬስ ምን ተማራችሁ?» አለች፤ «ሒሳብ» አልኳት። ከዚያ ማታ ጀምሮ መድኃኒቱን መዋጥ አቆምኩ። ጓዳ እገባለሁ፣ ቆርቆሮውን እከፍታለሁ፣ ኪኒኑን አወጣለሁ፣ አልጋዬ ኋላ ካለው የጭቃ ግድግዳ ጭድ ነቅዬ በሠራሁት ቀዳዳ ውስጥ እወትፋለሁ። ልሞት ፈልጌ አልነበረም። እንደዚያ ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው ቢኖር አልስማማም። ተናድጄ ነው። እነሱ ስሙን የማይጠሩትን ነገር እኔ ለምን እውጣለሁ? አራት ወር ሆነ።

ክብደቴ ቀነሰ። አፌ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣ። ሲዲፎሬ፣ የሰውነቴን የመከላከል አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ሲለካ ወርዷል። ሲስተሯ ካርዴን አየች፣ አያቴን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ይሄን መድኃኒት ለምን እንደምትወስጂ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አያቴ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ነበር። እጇ ይንቀጠቀጣል። አየኋትና «ለሳንባዬ ነው» አልኩ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሁሉን አውቃለሁ፤ ግን አያቴ እንዳትደነግጥ ዋሸሁ። እነሱ ከእኔ ይደብቃሉ፣ እኔ ማወቄን ከእነሱ እደብቃለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ምስጢር፣ ያውም ስለ አንድ ነገር። «ልጄ ምንም አታውቅም፣ ደስተኛ ናት» የምትሉ እናቶች ስታጋጥሙኝ ይሄ ቀን ነው የሚታወሰኝ።

በቀጠሮው አክስቴም መጣች። ሲስተሯ በር ዘጋች፣ ወንበሯን ከጠረጴዛው ወዲህ አምጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። አያቴ እንድትጀምር ጠበቅናት። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞራ በኦሮምኛ ጀመረች። መሃል ላይ «ሂን ቤክቱ» የሚለውን ሰማሁ።

«ናን ቤካ» አልኩ። አውቃለሁ።

ዝም አሉ። ከዚያ አያቴ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ስታለቅስ እንጂ ስትናደድ አላየኋትም። «መቼ?» ብቻ አለች።

ያን ሌሊት አልተኛንም። ሳጥኗን ከፈተች፤ ያ ሳጥን በሕይወቴ ተከፍቶ አላየሁም። ከነጠላዎቹ ሥር የእናቴ ፎቶዎች ነበሩ። ግንባሯ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባታል። ስለዚህ ነው የደበቀቻቸው፤ ያኔ ፊት ላይ አልማዝ ያየ ሰው ሌላ ምርመራ አይጠይቅም ነበር። አከራያቸው «ቤቱን ለዘመድ ልሰጠው ነው» ብላ አስወጥታቸዋለች። እናቴ የጠጣችበትን ስኒ አንዲት ጎረቤት፣ እናቴ ከበሯ ወጥታ ሳትጨርስ፣ ሰብራዋለች፤ ስብርባሪውን ስትጠርግ አያቴ አይታታለች። «አንቺንም እንዲሰብሩሽ ነው?» አለችኝ።

ይሄን ስሰማ ንዴቴ ከየት መጥቶ የት እንደገባ አላውቅም። ይህች ሴት ፈሪ አልነበረችም። መንግሥት መድኃኒቱን በነፃ መስጠት የጀመረው በጥር 1997 ነው፤ ልጇ ከሞተች ከአሥራ አምስት ወር በኋላ። ከዚያ በፊት በክፍያ ነበር፣ የእኛ ቤት አይችለውም። ቀኑን ቆጥራ ይዛዋለች። በ1999 ደግሞ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም፣ አብሮ ይወሰዳል ብለው ሲናገሩ ሰምታ ነው እኔን ለማስጀመር የደፈረችው። ከዚያ በፊት መድኃኒት መጀመር እምነት መጉደል ይመስላት ነበር። ይሄን ሁሉ ለብቻዋ ተሸክማዋለች። «ሆድ ይፍጀው» ስንል በቀላሉ ነው። የእሷን ሆድ በእርግጥ ፈጅቶታል።

የመጀመሪያው መድኃኒት ከዚያ በኋላ በደንብ ስላልሠራልኝ ሁለተኛው መስመር ወደሚባለው ሌላ መድኃኒት ተዛወርኩ። ያ የአራት ወር ዋጋ ነው። ይሄን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አንድ ሰው አንብቦ አራቱን ወር ካዳነ ይበቃኛል።

አሁን በሳምንት አንድ ቀን ክሊኒክ ውስጥ እንደ እኔ ሆነው ካደጉ ልጆችና አሳዳጊዎቻቸው ጋር እቀመጣለሁ። ሁሌ የሚጠይቁኝ «ስንት ዓመት ሲሞላው ልንገረው?» ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ልጁ የራሱን ሁኔታ ማወቅ አለበት ይላል፤ ከዚያ በታች ላሉት እንደ ዕድሜያቸው ቀስ በቀስ። እኔ ግን ዓመቱን ከመቁጠር በፊት አንድ ነገር እለምናለሁ። የውሸት ስም አትስጡት። ለአምስት ዓመት ልጅ «ደምሽ ውስጥ የሚጠብቁሽ ወታደሮች አሉ፣ ይሄ ኪኒን ያበረታቸዋል» ቢባል በቂ ነው። እውነት ነው። በኋላ ስሙ ሲመጣ እዚያው ላይ ይቀጠላል። «ሳንባ» ግን አይቀጠልም። መፍረስ አለበት፤ ሲፈርስ ደግሞ የነገራችሁትን ሌላውንም ይዞ ይፈርሳል። እኔ እንደዚያ ከሆነ በኋላ አባቴ ማን እንደሆነ ሲነግሩኝ እንኳ ለማመን ዓመት ፈጅቶብኛል።

ተናዳችሁ አትንገሩ። አንድ ልጅ ዜናውን የሰማው መድኃኒት አልውጥም ብሎ ሲያስቸግር «እንደ እናትህ ልትሞት ነው?» ተብሎ ነው። ቀን ቁረጡ፣ እንደ መርዶ። ሲስተሯ ወይም ኬዝ ማናጀሩ አብረው ይቀመጡ፤ ቃሉ ግን ከእናንተ አፍ ይውጣ። «ከማን መጣብኝ?» ብሎ ይጠይቃል፣ የማይቀር ነው። እዚያ ላይ የሞተን ሰው አትክሰሱ። «ከእናትሽ ነው፣ እሷም አላወቀችም ነበር» ያለችኝ አክስቴ ናት። ለዓመታት የያዝኩትን ጥፋት በአንድ ዓረፍተ ነገር አወረደችልኝ።

ሌላው፣ ለጎረቤት ሁሉ ይነገር ማለቴ አይደለም። እኔም አልነገርኩም። ገመናን መሸፈን ያለ ነው፣ ሁሉም ቤት አለው። ልጁ ግን ከገመናው ውጭ የቆመ እንግዳ አይደለም። «ይሄ የቤታችን ጉዳይ ነው፤ ማውራት ስትፈልጊ እኔ አለሁ፣ አክስትሽ አለች፣ ሲስተር አለች» ብትሉት የሚናገርበት ሦስት ሰው አገኘ ማለት ነው። እኔ የነበረኝ ጨው ብቻ ነበር።

ከነገራችሁት በኋላም አትተኙ። ዝም ካለ «ተቀብሎታል» አትበሉ። አልጋው ኋላ ያለውን ግድግዳ እዩ።

አያቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። እኔ አግብቻለሁ፤ ባለቤቴ ከመጋባታችን በፊት ያውቃል፣ እሱ ነፃ ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግንኙነት እንደማያስተላልፍ ለእሱ ያስረዳሁት እኔ ነኝ፣ ሐኪሙ ሳይሆን። ሴት ልጅ አለችን። በስድስት ሳምንቷ ተመርምራለች፣ በአሥራ ስምንት ወሯ ደግማለች። ነፃ ናት። ሦስት ዓመቷ ነው፣ ወሬኛ ናት።

ባለፈው ሳምንት የዜናው ሙዚቃ ሲጀምር ጠርሙሴን ከመደርደሪያው አነሳሁ። ወረቀቱ አልተላጠም። አክስቴ ለጥየቃ መጥታ ነበር፤ ዓይኗ ወዲያው ወደ ልጅቷ ሄደ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው።»

«ለምን?»

«ደሜ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ እሱ እንዲተኛ።»

«ኧረ አንቺ ልጅ!» አለች አክስቴ።

ልጄ ሆዴን አየች። «ተኛ?»

«ተኝቷል።»

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችና ለአክስቴ «እሽሽ» አለቻት። ከዚያ በእግሯ ጫፍ እየረገጠች ወደ መጫወቻዋ ሄደች። ጠራኋትና አይሰማም፣ ጮክ ብለሽ አውሪ አልኳት።